በሰው ቤት የምትኖር ፕሮግራም

አንድ ሠንጠረዥ አለ፤ ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እንኳ ሳልሳሳት እወጣዋለሁ። በግራ «አፕሌት»፣ በቀኝ «አፕሊኬሽን» የሚል ርእስ ያለው፣ መሐሉ በመስመር የተከፈለ፣ ስድስት ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ነው። እኔ ከመምህሬ ተቀበልኩት፤ መምህሬ ከመምህሩ። ከፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ እየተነሣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ስለሆነ በቀኝ ጥጉ የማን እንደሆነ የማይታወቅ የጣት አሻራ አብሮ ይባዛል። ተማሪዎቼ አሻራውንም የትምህርቱ አካል አድርገው የሚቆጥሩት ይመስለኛል።

ነገሩ ቀላል ነው። አፕሌት ማለት በዌብሳይት ገጽ ውስጥ ተሰክታ የምትሠራ ትንሽ ፕሮግራም ናት። አፕሊኬሽን ደግሞ የራሱን መስኮት ከፍቶ፣ ማንንም ሳይጠጋ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻውን የሚሠራ ነው። ሠንጠረዡ ይህንኑ ይዘረዝራል። አፕሌት ያለ ገጽ መክፈቻው፣ ያለ ብራውዘር አትነሣም፤ አፕሊኬሽን ራሱ ይነሣል። አፕሌት «ሜይን» የሚባለው የፕሮግራም መነሻ የላትም፤ ተነሽ፣ ጀምሪ፣ አቁሚ፣ ጥፊ የሚላት ብራውዘሩ ነው። የኮምፒውተሩን ፋይል መንካት አይፈቀድላትም፤ ገጹ ሲዘጋ እሷም አበቃላት። ልጆቹ ይህን ይሸመድዱታል፣ ፈተና ላይ ይደፉታል፣ ወጥተው ይረሱታል። እኔም ሸምድጄ፣ ደፍቼ፣ ሳልረሳው በመቅረቴ ብቻ መምህር የሆንኩ ሰው ነኝ።

የምኖረው ቡራዩ ነው። ቅዳሜ ሱሉልታ፣ ሌላውን ቀን ሰበታ አስተምራለሁ። ካርታ ላይ ሦስቱም አዲስ አበባን ዙሪያዋን የያዙ ጎረቤታሞች ይመስላሉ፤ በታክሲ ለሚሄድ ሰው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ግማሽ ቀን መስጠት ነው። አልማረርም። ሱሉልታ ብርዱ ያነቃኛል፣ ቡራዩ ቤቴ ነው፣ ሰበታ ደግሞ ለምሳ የሚቀርብልኝን ሽሮ ወደ ሌላ ከተማ ሄጄ አላገኘሁትም። ሱሉልታም ሰበታም ያንኑ ሠንጠረዥ ነው የማስተምረው።

የሰበታው ኮሌጅ ትንሽ ነው፤ ከአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ። መደብሩም ኮሌጁም የአንድ ሰው ናቸው። ባለቤቱ ከጎንደር በኩል የመጡ ነጋዴ ናቸው፤ ለሚስማርም ለተማሪም እኩል ይጨነቃሉ። ክፍል ውስጥ ሆኜ ስጽፍ ከታች ብረት ሲቆረጥ ይሰማል፤ ሲቆም «አሁን ተሰማኝ ቲቸር» የሚል ተማሪ አይጠፋም።

ታሪኳን ላወራ የተነሣሁትን ሴት እዚያ ነው ያስተማርኳት። ሠላሳ ያልሞላት፣ ከወላይታ የመጣች፣ ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ማሽን የምትይዝ ሠራተኛ ነበረች። በፋብሪካው ሥራ በሦስት ፈረቃ ስለሚዞር ክፍል የምትመጣው ፈረቃዋ በፈቀደላት ሰዓት ነው፤ አንዳንዴ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ ትገባለች። ጥያቄ የምትጠይቀው በጥቂቱ ነው፤ ከጠየቀች ግን መልሱ እስኪገባት አትለቅም። እንደዚህ ዓይነት ተማሪ መምህርን ያደክማል። እውነቱን ለመናገር ሠንጠረዥ ብቻ የያዘን መምህር ደግሞ ያስፈራዋል።

እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ ትዘምር ነበር። በዚያ ዓመት ግን ድምጿ መሻከር፣ ሳሏም መደጋገም ጀመረ። የጥጡ ብናኝ ነው አላት ሐኪሙ፤ «ቦታ ቀይሪ» ብሎ መድኃኒት ጻፈላት። ቦታ ቀይሪ ማለት ለሐኪም ቀላል ነው። እሷ ግን የምር አደረገችው። ፋብሪካው ውስጥ ፕላኒንግ የሚባል ክፍል አለ፤ ሠራተኛ የሚደለድሉበት፣ ብናኝ የሌለበት፣ መስኮቱ የሚከፈት ክፍል። እዚያ ኮምፒውተር የሚችል አንድ ሰው ይፈለግ ነበር። የአስተዳደሩ ኃላፊ «የኮሌጅሽን የብቃት ምዘና ማለፍሽን የሚያሳይ ወረቀት እስከ አርብ ካመጣሽ ከሰኞ ጀምሮ ቦታው ያንቺ ነው፤ ካላመጣሽ የሚጠብቁ ሌሎች አሉ» አላት። ምዘናው ሐሙስ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ምዘና ዓመት ጠብቆ የሚመጣ ነው።

ለምዘናው እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ፕሮግራም ሠርቶ ያቀርባል። እሷ የመረጠችው የፋብሪካዋን የፈረቃ ድልድል ነበር፤ ማን በየትኛው ሳምንት በየትኛው ፈረቃ እንደሚገባ ራሱ እያዞረ የሚያወጣ። ድልድሉ በእጅ ተጽፎ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠብ እንደሚነሣ ነግራኛለች። በመጀመሪያ ያሰበችው ራሱን የቻለ አፕሊኬሽን ነበር። አይሆንም ያልኳት እኔ ነኝ።

«ሁሉም ተማሪ በመስኮት የሚከፈት ደረቅ ነገር ነው የሚያመጣው» አልኳት። «አንቺ አፕሌት አድርጊው። ዌብሳይት ውስጥ ሲያዩት መዛኞቹ ይደነቃሉ።»

«ቲቸር፣ ፋብሪካው እኮ ኢንተርኔት እንኳ የለውም» አለች። «ዌብሳይት ውስጥ ምን ያደርግልኛል?»

«ለፋብሪካው ሳይሆን ለፈተናው ነው።»

ትንሽ አሰበች። «እሺ፣ እርስዎ ካሉ» ብላ ሄደች፤ በሦስት ሳምንት ውስጥም ሠርታ አመጣችው። አፕሌት ፋይል ማንበብ ስለማይፈቀድላት የሠራተኞቹን ስም ከፋብሪካው ዝርዝር ላይ ማንሣት አልቻለችም፤ ከራሷ የፈጠረችውን ዐሥራ ሁለት ስም በእጇ እዚያው ኮዱ ውስጥ ጻፈች። ቆንጆ ሆኖ ነበር። ገጹ ነጭ፣ ርእሱ ሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ ድልድሉ። እኔ በኩራት ስነፋ እሷ «ስሙ ግን የውሸት ነው፤ ደስ አላለኝም» ትላለች።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። አገራችን እንግዳ ይመጣል ከተባለ የማይታጠብ መጋረጃ የለም። ዓመት ሙሉ ልጅ የማይነካው ብርጭቆ ከቡፌ ይወጣል። ኮሌጃችንም ያው ነው። ከቡራዩና ከሱሉልታ መዛኞች ሐሙስ ይመጣሉ ሲባል ባለቤቱ ደረጃውን አረንጓዴ ቀለም አስቀቡ፤ የፕላስቲክ አበባ ተገዛ፤ የተሰበሩት ወንበሮች መደብሩ ጓሮ ተደበቁ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እኔም የድርሻዬን ላድርግ ብዬ የኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ገባሁ። ስክሪኖቹን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ገመዶቹን አሰርኩ። አልበቃኝም። ብራውዘሩ አሮጌ ነው፤ መዛኝ ሲከፍተው «አድሰኝ» እያለ በቀይ ይለምናል፤ ሊያሳፍረን ነው አልኩ። አዲሱን በፍላሽ ይዤ መጥቼ ዐሥራ ስምንቱም ኮምፒውተር ላይ አንድ በአንድ ጫንኩ። አሮጌውን አጠፋሁ፤ ፍላሼ ላይ የነበረውን መጫኛውን ሳይቀር ለአዲሱ ቦታ ይልቀቅ ብዬ ሰረዝኩት። አንዱን ገጽ ከፍቼ አየሁ፤ ፈጣን ነው፤ ያበራል። ረክቼ ወደ ቡራዩ ሄድኩ።

ለካስ አዲሶቹ ብራውዘሮች አፕሌትን ከቤታቸው ማስገባት ትተዋል። ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል። የእኔ ሠንጠረዥ ላይ ግን አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት መዛኞቹ መጡ። የቡራዩው መዛኝ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ሁላችንም በስማቸው ላይ የኦሮምኛውን አቶ፣ ኦቦን፣ እየጨመርን የምንጠራቸው፣ ከጡረታ በኋላ እንኳ መመዘን ያልተዉ። «አካም ቡልተን?» እያሉ ከጥበቃው ጀምረው እያንዳንዱን ሰው በእጅ ጨበጡ፤ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው። ሁለተኛዋ ከሱሉልታ የመጣች ወጣት መምህርት ናት፤ በወፍራም ሹራብ ተጠቅልላ መጥታ የሰበታ ፀሐይ ላይ ስትደርስ ማውለቁን ረስታዋለች። ተመዛኞቹ ሰባት ነበሩ። ለእያንዳንዳቸው ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ተሰጣቸው፤ ፕሮግራማቸውን ያዘጋጃሉ፣ መዛኞቹ እየዞሩ ያያሉ፣ ይጠይቃሉ። እሷ ከሌሊት ፈረቃ በቀጥታ ነበር የመጣችው። ፊቷን ታጥባ፣ ንጹሕ ነጠላ አድርጋ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች።

ከአራት ሰዓት በኋላ ወደ እሷ ደረሱ። ገጹን ከፈተች። ነጩ ገጽ መጣ፣ ሰማያዊው ርእስ መጣ። ድልድሉ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ግን ግራጫ ሳጥን ብቻ ተቀምጧል፤ ውስጡ ይህ ዓይነቱ ነገር አይደገፍም የሚል አንድ መስመር። ዘግታ ከፈተች። ያው ነው። እንደገና ዘግታ ከፈተች።

«ሳትሞክሪው ነው የመጣሽው እህቴ?» አለቻት የሱሉልታዋ።

«ትናንት ጠዋት ይሠራ ነበር።»

ሁለቱ መዛኞች ተያዩና ፈገግ አሉ። ፕሮግራም ከሚማር ሰው መካከል «ትናንት ይሠራ ነበር» የማይል የለም፤ እኔም ብዙ ጊዜ ስቄበታለሁ። በዚያች ሰዓት ግን አልሳቅኩም። ምን እንደሆነ ገብቶኛል። በሩ ላይ ባለቤቱ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል፤ አዲስ የተቀባው ደረጃ ይሸታል። እኔ ዝም አልኩ። ምናልባት ሁለት ደቂቃ ይሆናል። ዛሬም ድረስ የማፍርበት ጥፋቴን ሳይሆን እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባላል፤ አይጧ ቆማ ስትመለከት ግን ምን እንደሚባል አላውቅም።

ሽማግሌው ወረቀታቸው ላይ ሊጽፉ እስክሪብቶ ሲያነሡ ነው አፌ የተፈታው። «ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ብራውዘሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ እንግዳ ይመጣል ብዬ። አፕሌት አድርጊው ያልኳትም እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም።»

እሷ ዞራ አየችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ አንድ ያልገባት ነገር አሁን የገባት ሰው አስተያየት ነበር።

«መምህር፣ አምንሃለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ግን የምንመዝነው ማሽኑ ላይ ያለውን ነው። የመምህር ምስክርነት መቀበል ከጀመርን በዚህ አገር የሚወድቅ ተማሪ አይኖርም።» ልክ ናቸው። ለዚህ ነው ይበልጥ ያበሳጩኝ።

የሱሉልታዋ ቅጿን ገለበጠች። «ቢያንስ የቃል ጥያቄውን ትመልስ። የአፕሌትና የአፕሊኬሽን ልዩነት ምንድን ነው?»

ተመስገን አልኩ በልቤ። ሠንጠረዡ መጣ። ስድስቱን ረድፍ ትዘረግፈዋለች፣ ግማሽ ነጥብ ታገኛለች። ከንፈሬ ሳላውቀው መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር።

«በሠንጠረዥ ልበለው ወይስ እንደገባኝ?» አለች።

«እንደገባሽ» አሉ ሽማግሌው። «ሠንጠረዡን እኛም በቃላችን እናውቀዋለን።»

እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። «ፋብሪካ ከመግባቴ በፊት ሁለት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፣ ጌታ ይባርካቸው። ግን ተነሽ ሲሉኝ እነሣለሁ፣ ጀምሪ ሲሉኝ እጀምራለሁ፣ ዛሬ ይበቃል ሲሉኝ አቆማለሁ። በራሴ የምጀምረው ነገር የለም። ሳሎን እገባለሁ፣ ቁም ሳጥን ግን አልከፍትም። የምተኛበትን ቦታ ስፋት እንኳ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አንድ ቀን ቤት ሲቀይሩ፣ አዲሱ ቤት የሠራተኛ ክፍል የለውም አሉኝ። ሥራዬን አልረሳሁም፣ ምንም አላጠፋሁም፤ ቤቱ ነው የተቀየረው።» በአገጯ ወደ ግራጫው ሳጥን አመለከተች። «አፕሌት ይቺ ናት። ትናንት የነበረችው ናት፤ የተቀየረባት ቤቱ ነው። አፕሊኬሽን ግን ጠባብም ቢሆን የራሱ በር አለው፣ ቁልፉም በእጁ ነው።»

የሱሉልታዋ ሹራቧን አወለቀች። «ታዲያ አፕሌት ጥቅም የላትም ነው የምትዪው?»

«አላት እንጂ። ቤት ሳትሠራ፣ ዕቃ ሳትጭን ከተማ ትገባለች። እኔም ከተማ የገባሁት እንደሱ ነው።»

እኔ ሰባት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ከዚያች ቀን በፊት ግን አንድም ጊዜ አልገባኝም ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማዋረድ አይደለም፤ እንዲያውም ያን ጊዜ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አንድ ነገር ሲገባህ ስንት ዓመት ዘግይቶ እንደሆነ አትቆጥርም። እፍረቱ ተመልሶ የመጣው ቆይቶ ነው።

ሽማግሌው ሰዓታቸውን አዩ። «ለአምስት ሀያ ጉዳይ ነው። ጊዜሽ እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ማሽኑ ላይ የምታደርጊውን ማንም አይከለክልሽም። ከዚህ ቤት አውጥተሽ የራሷን በር ልትሠሪላት ትችያለሽ?»

«እሞክራለሁ።»

«ጋሪ» አሉ፤ በኦሮምኛ ጥሩ ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አንተ ውጭ ትጠብቃለህ።»

ተባረርኩ። ከክፍሉ ውጭ፣ መስታወት ባለው በር ፊት ለፊት ቆምኩ። ባለቤቱ አጠገቤ መጥተው «አዲስ ነገር ማስገባትህ ምን ክፋት አለው? ላሻሽል ብለህ ነው» ብለው ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። ቱግ አልኩ። «ጋሼ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው እንጂ ምን ማሻሻል አለው! የሚሠራ ነገር ነው የነቀልኩት» አልኳቸው። በኋላ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አፕሌትን ያለ ብራውዘር ከፍቶ የሚያሳይ ትንሽ መሣሪያ ፕሮግራሙ በተጻፈበት ቋንቋ፣ በጃቫ ውስጥ አብሮ እንደሚመጣ የታወሰኝም እዚያ ቆሜ ነው። በሩን ላንኳኳ እጄን አነሣሁ። ሽማግሌው በመስታወቱ አይተው በዓይናቸው ብቻ መለሱኝ። እጄን አወረድኩ።

በመስታወቱ ውስጥ ጀርባዋና የስክሪኗ ግማሽ ይታየኛል። የጻፈችውን አልጣለችውም። ድልድሉን የሚያዞረውን ክፍል እንዳለ ተወችው፤ የነካችው በሩ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው። ብራውዘሩ ሲጠራት የምትነሣበትን ክፍል አወጣች፤ በቦታው «ሜይን» ጻፈች። መስኮት ሠራች፤ ድልድሉን መስኮቱ ውስጥ አስቀመጠች። መስመሮቹ ሲጨመሩ አያለሁ፤ እየቆጠርኩ ነበር። ሠላሳ መስመር አይሞላም።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ አስነሣችው። መስኮቱ ተከፈተ፤ ግን ጣት የምታህል ስስ ነገር ሆኖ ጥጉ ላይ ተንጠለጠለ። ድልድሉ የለም፤ ርእሱ እንኳ ሙሉ አይታይም። ደንግጣ ዘጋችው። እንደገና አስነሣችው፤ ያው ስስ ነገር። ችግሩን እኔ ከውጭ ሆኜ አውቄዋለሁ። አፕሌት ስትሆን ስፋቷን የሚሰጣት ገጹ ነበር፤ አሁን ገጽ የለም፣ ማንም ስፋቷን አልነገራትም። አንድ መስመር ነው የሚጎድለው። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። አምስት ደቂቃ፣ ዐሥር ደቂቃ ኮዷን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ትስላለች፣ ውኃ ትጠጣለች፣ ታነባለች። አንድ ጊዜ ከታች ብረት መቁረጥ ጀመሩ፤ ባለቤቱ እኔ ሳልናገር ደረጃውን ሮጠው ወርደው አስቆሙት።

ከዚያ ትከሻዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። እያለቀሰች ነው ብዬ ነበር፤ ለካ እየሳቀች ነው። ስፋቷንና ቁመቷን ጻፈች። መስኮቱ ስክሪኑን ሞልቶ ተከፈተ።

እዚያ ላይ ብታቆም በቂ ነበር። ዐሥራ ሁለቱ ስሞች በሦስት ፈረቃ ተደርድረው ይዞራሉ። ጊዜ ግን ተርፏት ነበር፤ የከፋት ነገርም ነበር። ከቦርሳዋ ፍላሽ አወጣች። አሁን ፋይል መንካት ትችላለች፤ አፕሊኬሽን ነው። የውሸቶቹን ስሞች ከኮዱ ውስጥ አጠፋች፤ በቦታቸው ዝርዝሩን ከፍላሹ እንዲያነብ አደረገችው። በእረፍት ሰዓቷ ከፋብሪካው ሰሌዳ ላይ የገለበጠችው እውነተኛው የፈትል ክፍል ዝርዝር ነው። ስሙ ከላይ እስከ ታች እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ስክሪኑ አልበቃው ብሎ ማንሸራተቻ አወጣ።

ለስድስት ሰዓት ዐሥር ሲቀረው ሽማግሌው በሩን ከፍተው «ግባ» አሉኝ። ገብቼ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። እሷ አሳየቻቸው። የዚህን ሳምንት፣ የሚቀጥለውን፣ የወሩን ድልድል አዞረችላቸው። የሱሉልታዋ ኢንተርኔቱን ነቅላ እንደገና አስነሣችው፤ ተነሣ። ብራውዘሩን ሁሉ ዘጋችው፤ ድልድሉ ንቅንቅ አላለም። ሁለቱ ወረቀታቸው ላይ አጎንብሰው ትንሽ ተነጋገሩ፤ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ። እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

«ብቁ» አሉ ሽማግሌው፤ ፈረሙና እስክሪብቶውን ለሱሉልታዋ አቀበሉ። «የውጤት ወረቀትሽን ነገ ጠዋት ጽሕፈት ቤት መጥተሽ ውሰጂ።»

«ጌታ ይመስገን» አለች፤ በዚያ በሻከረ ድምጿ። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ዓይኔን ብናኝ የገባበት ለማስመሰል። ማንም ግን ያመነኝ አይመስለኝም፤ ባለቤቱ ሶፍት አቀበሉኝ።

ሽማግሌው ለመሄድ ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ። ከዚያ እንደገና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ሥራው ደስ ብሏቸው ነበር። «ይቺ ለነጥብ አይደለችም፤ እንዲሁ ልይ ብዬ ነው። አንድ ሠራተኛ ቦታ ቢቀየር እንዴት ታደርጊዋለሽ?»

ዝርዝሩን ወደ ታች አንሸራተተች። ብዙ ወረደች። ሦስተኛው ፈረቃ ውስጥ፣ ከታች ወደ ላይ አራተኛው መስመር ላይ ቆመችና አንድ ስም ነካች። ፕሮግራሙ እርግጠኛ መሆኗን ጠየቃት። አዎ አለችው። ስሙ ጠፋ፤ ከሥሩ የነበሩት ሦስቱ አንድ አንድ መስመር ወደ ላይ ከፍ አሉ።

«የት አዛወርሻት?» አሉ ሽማግሌው፤ ከዚያ በእጃቸው የያዙትን የምዘና ወረቀት አዩ፣ በተመዛኝዋ ቦታ ያንኑ ስም አነበቡ።

«አወጣኋት» አለች። «ከሰኞ ጀምሮ ማሽን ላይ የለችም።»